አማና ይዞ የመጣው ሰው

ለወንድሜ ለሱፊያን ቲጃኒ፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ዘይቡስ ደህና ናት? ትንሹን ልጃችሁን ኢሕሳንን ሳሉ ለቀቀው ወይ? እኛ በጤና በኩል አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ያህል የጻፍኩት እማ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም ሳትይው እንዳትጀምሪ ስላለችኝ ነው። በእኔ ቢሆን በቀጥታ ወደ ንዴቴ እገባ ነበር።

ሥራ ቦታዬ የሆነውን በአጭሩ ከጻፍኩልህ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳህም። ስልኬን ለምርመራ ሲወስዱብኝ በእህታችን በኢፍቱ ስልክ ደወልኩ፤ እሱንም ዘጋኸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ ጅዳ ለምትበረው ለጎረቤታችን ልጅ ለሂንድ እሰጣታለሁ። እኔ አማና፣ የአደራ ዕቃ፣ የምልከው በማውቀው ሰው እጅ ነው።

በጥበቃ የምሠራበትን ቦታ ታውቀዋለህ፤ አሰንዳቦ መንገድ ላይ ያለው የዳታ ማዕከል፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች ቀን ከሌት የሚጮሁበት ግቢ። ያን ማክሰኞ አንድ ሰው በሩ ላይ መጥቶ ሱፊያን ልኮኝ ነው፣ ለእናታችሁ አማና ይዣለሁ አለ። የእማን ስም ጠራ። የምሠራበትን ሰዓት ሳይቀር ያውቃል። አብሮኝ ተረኛ የነበረው ጋሽ ሆሴዕ፣ ከሆሳዕና መጥቶ እዚህ ስድስት ልጆች የሚያሳድገው ሰውዬ፣ ቦርሳውን ሊፈትሽ እጁን ሲዘረጋ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ባሕር ተሻግሮ አማና ያመጣን ሰው እዚህ አገር ማን ይፈትሻል? «ጋሼ፣ የወንድሜ ሰው ነው፣ አታሳፍረኝ» አልኩት። እኔን አክብሮ እጁን ሰበሰበ።

ሻይ ላመጣለት ዞር ስል ሰውየው ሽንት ቤት ልግባ ብሎ ወደ ውስጥ ዘለቀ። የማሽኖቹ ክፍል በካርድ ብቻ መከፈት ነበረበት። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ግን ወር አልፎታል፤ ሥራ አስኪያጁም ክፍሉ እንዲተነፍስ ብሎ በሩን በብሎኬት አስደግፎ ትቶታል። ሰውየው ገባ፣ ፍላሽ ሰካ፣ ወጣ። ምን እንደቀዳ፣ ምን እንደተወ የነገረን የለም። ብሎኬቱ በማግስቱ ከቦታው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሰብስቦን ስለ ጥንቃቄ ሲያስተምረን ዋለ። ደሜ ፈላ፣ ሱፊያን።

የታሰረው ጋሽ ሆሴዕ ነው። የፍተሻ መዝገቡ ላይ ያለው የእሱ ፊርማ ስለሆነ ጉቦ በልቶ ነው ያስገባው ይላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከሥራም ተባርሬያለሁ። መርማሪው ግን አዝነሽለት ነው፣ አማና የምትይው ተረት ነው አለኝ። ሰውየው ለእማ ያደረሰውን የአንተን ሻል ባሳየው፣ ይህማ ጅማ ገበያም ይሸጣል ብሎ መለሰልኝ። የጋሽ ሆሴዕ ሚስት ያለምወርቅ በየቀኑ ምሳ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። ትናንት መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ወንድምሽ መልስ ሰጠ ወይ?» ብቻ አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ።

ለምን እንደተደበቅህ ገብቶኛል። ሰውየውን አታውቀውም። ሻንጣው ቀለል ያለ መንገደኛ አግኝተህ አሸከምከው፤ የእኔንም ሥራ፣ የእማንም ስም በኩራት አወራህለት። አሁን አፍረሃል። እፈር፣ ይገባሃል። ግን «አማናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን አላውቀውም» ብለህ ጻፍና ፈርም፤ ፎቶ አንስተህም በኢፍቱ ስልክ ላክልኝ። የአንተ ሐፍረት ከአንድ ሰው እስር አይበልጥም።

ዘይቡን በጣም ሰላም በልልኝ። ኢሕሳንን ሳምልኝ። እማ ዱዓዋ አይለይህም። ኢፍቱ ሰላም ብላሃለች። ያለምወርቅም ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ ብላኛለች።

እህትህ ሳቢሃ ቲጃኒ
ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.