የዓይን ሸዒርን ውሃ ከመባከን የታደጉት ሐጃ ረስሚያ ዑቀይል

ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ልጆቼም፣ አረፍ ብላችሁ ስሙ።

ሐጃ ረስሚያ ከአባታቸው ከሼህ ዑቀይል ሳሊምና ከእናታቸው ከወድሃ ሙጥለቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በጠፊላ ተራሮች ላይ በምትገኘው በዓይን ሸዒር መንደር ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል በመንደሩ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቁርኣንን ከአባታቸው፣ እርሻን ከእናታቸው ቀሰሙ። በ1967 ከሙፍሊህ ሙሳ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው በ1994 ሲያርፉ፣ የወይራውን ማሳና የሐሙሱን የውሃ ተራ ተረክበው ልጆቻቸውን የሰው እጅ ሳያሳዩ አሳደጉ።

የውሃችን ሥርዓት የታወቀ ነው። ምንጩ በተራ ይወርዳል፤ ሦስት ጊዜ ማሳውን ሳያጠጣ ያሳለፈ ሰው ተራው ለታችኛው ጎረቤቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ መሬቱ ጠማውም አልጠማው፣ መብታችን እንዳይሄድብን ብለን ሁላችንም እናጥለቀልቅ ነበር። ለከተማ ገበያ ቲማቲም እያመረትን ምስሩንም ዱቄቱንም ከሱቅ እንገዛ ነበር። ሐጃም ከኛ አልተለዩም፤ ሁለት የወይራ ዛፎች በውሃ ብዛት ሥራቸው በስብሶባቸዋል።

በ2008 በጋ ምንጩ በግማሽ ቀነሰ። ሐጃ ያን ጊዜ ከማሳቸው በላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ገንዳ ጠርገው፣ በኖራ አስለስነው፣ የሐሙሱን ውሃ ወደዚያ መለሱት። ዛፎቻቸውን በጠብታ እያጠጡ፣ ቲማቲሙን ነቅለው ለክረምቱ ዝናብ ምስርና ገብስ ሊዘሩ መሬቱን አሳረፉ። ወደ ገንዳ የገባ ውሃ ግን ማሳ እንዳጠጣ አይቆጠርም ነበር። ኡም ዘይዳን ያሰኛቸው የበኩር ልጃቸው ዘይዳን፣ «ከአባታችን የቀረን ይኸው ተራ ነው፣ አታስወስጂብን» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም።

ሁለት ሐሙስ አለፈ። በሦስተኛው፣ ከታች ያለው ማሳ ባለቤት፣ የባላቸው ታላቅ ወንድም አቡ ሐምዳን አካፋቸውን ይዘው መጡ። መንደሩም ተከትሎ መጣ።

«ኡም ዘይዳን፣ ወንድሜ ያወረሰሽን ውሃ እንደ እርጎ ልታስቀምጪው ነው እንዴ?» አሉ።

«እርጎ ይበላሻል፣ ይሄ አይበላሽም። ተራው የእርስዎ ነው፣ ይክፈቱት። ግን ለቲማቲሙ ነው ወይስ ለቤትዎ?»

የአቡ ሐምዳን ቤተሰብ አራት ቀን ሙሉ የመጠጥ ውሃ ቦቴ ሲጠብቅ እንደሰነበተ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌው ወደ ሞላው ገንዳ ተመለከቱ። ከዚያ አካፋውን መሬት ላይ ተክለው፣

«የኔንም የጁምዓ ተራ ጨምሪበት» አሉ።

ዓመቱ ሳይሞላ ሠላሳ አንድ ቤት ተከተላቸው፤ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው የሦስት ጊዜውን ሕግ ሻሩት። በ2021 ድርቅ ጎረቤት መንደሮች ውሃ በቦቴ ሲገዙ፣ እኛ የራሳችንን ገብስ ጋግረን፣ የራሳችንን ምስር ቀቅለን፣ ለመጣ እንግዳም አካፍለናል።

ሐጃ በ2013 ሐጅ አድርገዋል። ከሐጅ ከተመለሱ በኋላም ጠባያቸው ያው ነበር፤ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ የማንም ቤት ይሁን ገብተው ዘግተው፣ የቤቱን እመቤት ተቆጥተው ነው የሚወጡት። ያልተቆጧት ሴት እዚህ መሀል ካለች እጇን ታውጣ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ለሁለት ዓመት በአማን ከተማና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2022 በሰባ አራት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። አምስት ልጆች፣ ሃያ ሦስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ዛሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊታችን የተቀመጡትን አቡ ሐምዳንን ትተውልናል።

ልጆቼ፣ ውሃ ያጠጣ ሰው ውሃው እስከወረደ ድረስ ምንዳው አይቋረጥበትም። የሐጃ ምንዳ እንግዲህ በእጃችን ነው፤ ገንዳውን የጠረገ ሁሉ ዱዓ እንዳደረገላቸው ይቁጠረው። አላህ ይዘንላቸው፣ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፣ ከጀነት ወንዞች ያጠጣቸው። አሚን።