ፈረሲቱን ያስነሳሁ ዕለት

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1970 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? አክስትሽስ? የአዲስ አበባ ብርድ ጉሮሮሽን መያዙን ተወልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ራሱ ያሳፍረኛል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ማለዳ ተነስቼ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ግን አይለቅም። በፊት ስጽፍልሽ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። አንቺም፣ አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ ደብዳቤህ እንደ ቅዳሴ ነው፣ ፍሬ ነገሩ እስኪደርስ እግር ይዝላል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ ያሳጠርኩት ምክርሽን ሰምቼ አይደለም። እንዴት ነሽ ብዬ ለመጠየቅ ፊት አጥቼ ነው።

ስለ ፈረሲቱ ልነግርሽ ነው። ሌላ ሰው አሳምሮ ወይም አክፍቶ ሳይነግርሽ ከእኔው እጅ አንብቢው።

አባትሽ ያንን ሰማያዊ ሙስታንግ አስመራ ከነበረ አሜሪካዊ ወታደር ገዝተው ሲመጡ ከተማው ሁሉ ነቅሎ የወጣበትን ቀን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታስታውሻለሽ። ግንባሯ ላይ ባለችው የብረት ፈረስ የተነሳ ፈረሲቱ ተባለች። ለዚህ አገር የተሠራች አልነበረችም። ሆዷ መሬት ይልሳል፤ የአቀስታ መንገድ ድንጋይ ያልቧጠጠው ጎን የላትም። አባትሽ ግን ከበቅሎዎቻቸው ሁሉ አስበልጠው ወደዷት። እኔንም ከደሴ፣ ከጣሊያኑ ጋራዥ አምጥተው የቀጠሩኝ ለእሷ ብለው ነው፤ ከድጓ ትምህርት ኮብልሎ መካኒክ የሆነውን ልጅ። ሞተሯ ዘይት መብላት ሲጀምር አዲስ አበባ እንላካት ስላቸው፣ ለምን፣ እዚሁ ግቢያችን ትታከም፣ እኔም ልይ አሉ። ሞተሩን ከግቢያችሁ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍርና በሰንሰለት አንጠልጥለን ያወጣን ዕለት ካባቸውን አውልቀው አብረውን ጎተቱ። አንቺም ኮፈኑ ሥር ከእኔ ጋር እያጎነበስሽ የእያንዳንዱን ብልት ስም ትጠይቂኝ ነበር። ስም ለመማር ብቻ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ የሆነው ሆነ። መሬቱ ተወረሰ፣ ቤቱ ተወረሰ፣ አባትሽ ታሰሩ፤ ሞተሯ የተፈታው ፈረሲቱም የሕዝብ ንብረት ተባለች። ወደ አክስትሽ የሄድሽ ማለዳ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍለውን ትንሿን ጥቁር ቁራጭ በመሐረብሽ ጠቅልለሽ እጄ ላይ አኖርሽ። እሷ ከሌለች ሞተሩ እንደማይነሳ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አባዬ ሳይፈታ ማንም እንዳይነዳት አልሽኝ። ማልኩልሽ። ቁራጯን ከአባቴ ማኅደር ውስጥ፣ ከዳዊታቸው ጀርባ ሸሸግኳት።

አምና ጓድ ክንፈ የሚባል ካድሬ ተሾመብን። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ሲቆጣ ግን የአባቴ አባት ይመስላል። ያቺን መኪና ግቢህ አስገብተህ ሥራት ብሎ አዘዘኝ። ሞተሯን ብልት ብልቱን በኬሻ ጭነን፣ አካሏን በበሬ አስጎትተን እኛ ቤት አመጣናት። እምቢ ማለት እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እምቢ የማለት ሐሳብ ጭራሽ አልመጣብኝም። ደስ አለኝ። አፍሬ የምነግርሽ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

እንዴት እንደሠራሁባት ብታይ! የፒስተኖቹን ፋሻ፣ ቀለበቶቹን ማለቴ ነው፣ ወረኢሉ ወድቆ ከቀረ አሮጌ የፎርድ ጭነት መኪና አውጥቼ በሞረድ እያስተካከልኩ ገጠምኩ። ዘይት እንዳታፈስ በብረትና በብረት መሐል የሚገባው ማሸጊያ ሲጠፋኝ አባቴ ሊጽፉበት ያዘጋጁትን ብራና ለመንኳቸው። ምስጋና ሊጻፍበት የነበረ የፍየል ቆዳ አሁን ዘይት ሊጠጣ ነው እንዴ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስቆርጠው ዘርግተው የያዙልኝ ግን እሳቸው ናቸው። የፊት መከላከያ ብረቷን በአመድና በሎሚ ፈትጌ ፊቴን አየሁበት። እናቴ፣ ለሚስት ብታደርገው ኖሮ ይህን ጊዜ የልጅ ልጅ ባየሁ አለችኝ።

ሁሉም ሲያልቅ ለጓድ ክንፈ አንዲት ቁራጭ ጎደለችን፣ ከአሜሪካ ካልመጣች እዚህ አትገኝም አልኩት። አመነኝ። ለበላዮቹ ጻፈ፤ መልስ የሰጠው የለም። በዚሁ ብንቆይ ኖሮ ቃሌን እንደጠበቅሁ፣ አንቺም እንዳመንሽኝ እንኖር ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የአባትሽ ስም ከደሴ መጠራቱ በሹክሹክታ ተሰማ። በዚህ ዘመን ከደሴ የሚጠራ ሰው ለምን እንደሚጠራ አንቺም አታጪውም። ነገር ግን የሚወስዳቸው መኪና አልነበረም። የጓድ ክንፈ ላንድሮቨር ለጦር ግንባር ተወስዷል፤ አውቶቡሱ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ በእግር እንዳይወስዷቸው ሽፍታ ፈሩ። ስለዚህ ትእዛዙም እዚያው ቁጭ አለ፣ አባትሽም እዚያው። እናቴ ስንቅ አድርሳላቸው በተመለሰች ቁጥር መኪና ስላሳጣን እግዜርን ታመሰግን ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም።

ቅዳሜ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ገበያ ሄደዋል። ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜ አየኋት። እያንዳንዷን ብሎን በገዛ እጄ አስሬ፣ ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ልኖር ነው ወይ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምጿን ሰምቼ አጠፋታለሁ፣ ቁራጯንም ወደ ዳዊቱ እመልሳለሁ አልኩ። ከወፍጮ ቤቱ ባትሪ የተዋስኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ አሁን ሳስበው ልቤ ቀደም ብሎ ቆርጦ ነበር። ማንም አልገረፈኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ገርፈውኝ ነው ብልሽ ምናልባት ታዝኚልኝ ነበር። የነካኝ ሰው የለም።

ገጠምኳት። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ከዚያ ያዘች። ስምንቱም ፒስተን። ከአባትሽ ዘመን ወዲህ መካነ ሰላም እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማም። ላስብበት የሚገባኝም ይሄው ነበር፤ ሙስታንግ በሹክሹክታ አትነሳም። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታም ዝገት በልቶት ኖሮ ጩኸቷ እጥፍ ሆነ። ገበያው ውስጥ አህዮች ማሰሪያ በጥሰው ሮጡ አሉ። እኔ ግን ሳቅሁ። ብቻዬን እንደ ሕፃን ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ፤ እጄን ብረቷ ላይ አድርጌ ንዝረቷን አዳመጥኩ። ለማጥፋት ጊዜ ነበረኝ። ጊዜ ነበረኝ፣ ዓለሜ። ትንሽ ልስማት አልኩ። ቀና ስል ጓድ ክንፈ በራችን ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ቁራጯ ከአሜሪካ መጣች ማለት ነዋ አለኝ። በዚያ ደስታው አልጠየቀኝም፣ አላሰረኝም። ጎበዝ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም አፍሬ ልንገርሽ፣ ጎበዝ መባሉ ለቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ ማታ ማኅደራቸውን ከፍተው ከዳዊቱ ጀርባ በጣታቸው ዳበሱ። ቁራጯ አልነበረችም። ለካ ያውቁ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኗ እየጸለዩ ኖረዋል። ያን ዕለት ራት አብረውኝ አልበሉም።

የደሴው ጉዞ ከማግስቱ አልዘገየም። ፈረሲቱን የሚያውቃት ሌላ ሰው ስለሌለ ሾፌሩም እኔው ሆንኩ። አባትሽን ከእስር ቤቱ ሲያወጧቸው በስርቆት አየኋቸው። ከስተዋል፤ ጺማቸው ግን ተበጥሯል። መኪናዋን ሲያዩ ቆም አሉና በታሰረ እጃቸው ኮፈኗን ዳሰሱት። ከኋላ፣ ጀብሪል ከሚባለው ጠባቂ ጋር አስቀመጧቸው። ጓድ ክንፈ ከጎኔ ተቀመጠ።

አቀስታን አለፍን። ከዚያ አባትሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ አንዷ ቫልቭ ትንሽ ታንኳኳለች፣ ሰምተሃታል? አሉኝ። ሰምቻታለሁ ጌታዬ አልኩ። ሌላው ግን እንከን የለውም፣ ከጣሊያኖቹ በልጠሃል፣ እጅህ ይባረክ አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቁራጯን ከየት አመጣሃት ብለው አልጠየቁኝም። ከመሄድሽ በፊት ልትሰናበቻቸው እስር ቤት ስትገቢ ነግረሻቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አውቀው ነው የመረቁኝ።

ጓድ ክንፈ፣ ንዳው እንጂ፣ ምን ታዘግማለህ አለ። ሮዳጅ ላይ ናት፣ አዲስ የተሠራ ሞተር በጅምሩ ከተገረፈ ይበላሻል አልኩት። አባትሽ ከኋላ ሳቁ። እውነቱን ነው፣ አትቸኩሉባት፣ እኔም የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም አሉ። ጀብሪልም ሳቀና፣ ወዲያው ደንግጦ ያላህ ብሎ አፉን ያዘ። ጉጉፍቱ ስንደርስ አባትሽ ብርዱን በረጅሙ ሳቡት፤ ደጋው ላይ የተዘራውን ገብስ በመስኮት ሲያዩ አንገታቸው ወደ ኋላ እስኪዞር ተከተሉት።

በዝግታ የነዳሁት አባትሽ አገሩን ትንሽ ቆይተው እንዲያዩት ብዬ ነው ብልሽ እወድ ነበር። እናቴም እንደዚያ ብለህ ጻፍላት፣ ለእሷም ይቀላታል፣ ላንተም ብላኝ ነበር። አልጽፈውም። ለሞተሩ ብዬ ነው። እሳቸውን ከኋላዬ ይዤ፣ ወዴት እንደምወስዳቸው እያወቅሁ፣ እግሬ ለሞተሩ ይራራ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና አልተናገርኩም።

ደሴ በሩ ላይ ሲያወርዷቸው ጋቢያቸው መቀመጫው ላይ ቀረ። አንስቼ ሮጥኩ። ብርድ ነው፣ ይህን ስጡልኝ ብዬ ዘበኛውን ለመንኩት። መልሰህ ውሰደው፣ አያስፈልጋቸውም አለኝ። አባትሽ ድምፄን ሰምተው ዞር አሉና፣ አብሽር ልጄ አሉኝ። እኔን ነው አብሽር ያሉት።

መካነ ሰላም ተመልሰን ጓድ ክንፈን ቤቱ እንዳወረድኩት ቁራጯን ነቅዬ አወጣኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ፈረሲቱ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች፣ ዶሮ ይሰፍርባታል። ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ሳቅ ብሎ፣ እስከ ሰኞ እወቅ አለኝ። አልሸሽም። አባይ ማዶ ጎጃም ዘመድ አለህ፣ ተሻገር ይሉኛል። እሱን ፈርቼ አልሻገርም፤ እኔ የምፈራው ይህን ወረቀት ስታነቢ የሚኖርሽን ፊት ነው።

ቁራጯ በመሐረብሽ እንደተጠቀለለች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች፤ የአባትሽም ጋቢ አለ። ሳይታጠብ ነው የላክሁልሽ፤ እናቴ ልጠበው ስትል እኔ ከለከልኳት። የሚያመጡልሽ አባቴ ናቸው። ብቻቸውን አይመጡም፣ አጎትሽና የነፍስ አባታችሁ አብረዋቸው ናቸው። አክስትሽ አስቀድማ ታውቃለች፤ ጎረቤቱንም ትሰበስባለች። በማለዳ፣ አንቺ ከቤት ሳትወጪ ይደርሳሉ። ይህን ወረቀት የሚያወጡልሽ የመጡበትን ከነገሩሽ በኋላ፣ ልቅሶው ጋብ ሲል ነው። እንደዚያ እንዲያደርጉ አደራ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ በወረቀት የማልጽፈው ነገር ስላለ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። ብትይ እንኳ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። አባቴ ለአባትሽ ስም በየዕለቱ ይጸልያሉ፤ ዳዊቱን ከደገሙ በኋላ አሁን ማኅደሩን ክፍት ይተዉታል። እመቤቴ ማርያም ጥላዋን ታጥላብሽ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ አገር ሲረጋ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ወይራውን ለማየት ያብቃሽ።

ደብዳቤዬን የምዘጋበትን ቃል ታውቂዋለሽ። ዛሬ ልጽፈው ሞክሬ እጄ አልታዘዘኝም።

የአባትሽ ሾፌር