ድምፁ ተዘግቶ ስለተመረጠው ብራውዘር

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ አዲሱ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን፣ ጆሮዎም እንዲበረታ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሰው ፊት መናገር የማልችል ልጅ በመሆኔ ምስጋናዬን በጽሑፍ አድርጌ የውጭው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ከሆኑና በነጻ ከሚገኙ ሁለት ብራውዘሮች፣ ከአሮጌውና ከአዲሱ፣ አንዱን ለመምረጥ ኮሚቴ ማቋቋምዎን አደንቃለሁ። ልዩነታቸው ድረ ገጹን ተቀብሎ ስክሪን ላይ የሚያወጣው የውስጥ ሞተራቸው ነው። ዝም ያለ ሰው ብዙ ያያልና፣ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስከፍተው፣ የእርስዎ ፎቶ ያለበትን የመግቢያ ገጽ የትኛው ሞተር ቀድሞ እንደሚያወጣ ሲያወዳድሩ ከጥግ ሆኜ አይቻለሁ። አዲሱ ቀደመ። ጸሐፊዎ «ኧረ ጌታዬ፣ እዚህኛው ላይ ልጅ ሆኑ!» አሉ፤ ምርጫውም በዚሁ አለቀ፤ አሮጌውም ከሁሉም ኮምፒውተር ተነሣ።

ሁለተኛ፣ «ድምፅ ክልክል ነው» የሚለውን የቤቱን ሕግ አክብረው፣ ሙከራውን ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ዘግተው በማካሄድዎ አመሰግናለሁ። ቢከፍቱት ኖሮ፣ አዲሱ ሞተር ጽሑፉን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ ለሚያነበው ፕሮግራም ማቀበል ገና እንደማይችል ይሰሙ ነበር። ሠሪዎቹ ራሳቸው «ይህ ክፍል አላለቀም» ብለው ጽፈዋል። ይህን ለማወቅ ግን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊን አንብብ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ ታላቅ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። የርቀት ትምህርቱን የሚከታተለው እዚሁ፣ በአሮጌው ብራውዘር፣ በጆሮ ማዳመጫ እየተነበበለት ነበር። የመጨረሻ ፈተናው ደርሷል፤ ካለፈ አስተማሪ ይሆናል፣ ካላለፈ ያው ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ መቀመጥ ነው። አሮጌውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲመልሱለት ቢለምንዎት፣ «ወንድሜ፣ አዲሱን እየው እንጂ፣ እንዴት እንደሚያምር!» አሉት። ስለ ግብዣው እናመሰግናለን፤ እስካሁን እያየው ነው።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትና ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ የሚጠፋው እኔ፣ ሌላ መላ ስላጣሁ በሹክሹክታ አነብለት ጀመር። ጥበቃው አባባ መጥተው «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የንባብ ቦታ ነው፣ እዚህ ማንበብ አይቻልም» ብለው አስወጡን። እርስዎ ያወጡት ሕግ ይህን ያህል በትክክል የገባው ሰው አላየሁም።

ትምህርት ቶሎ ማቆሜ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቶሎ ያላቆመ ሰውም ከኔ እንደማይሻል በማሳየት ስላጽናኑኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የጥግ ወንበር ላይ የነበረችው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሁን ውስጥ ገብቼ ትምህርቱን ከስክሪኑ በእጄ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ፣ ውጭ በመስኮትዎ ሥር አነብለታለሁ። ትናንት ወንድሜ የዚያ ፎቶ ነገር አሳስቦት «ለመሆኑ ኃላፊው ዓይን አላቸው?» አለኝ። «ሁለት፤ መነጽርም ጨምረውበታል» አልኩት። «ታዲያ በየትኛው ነው የመረጡት?» ሲል ደጅ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ ጥበቃው አባባም ድምፅ ክልክል መሆኑን ረስተው አብረው ሳቁ። የእርስዎ መስኮት ብቻ ተዘጋ። ንባቡ እንዳይቀርብዎ ብዬ ከነገ ጀምሮ ጮክ ብዬ አነባለሁ።