ውሃ የሚጠጣው ሣጥን

ለወንድሜ ለክንፈ አድማሴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህ ደህና ነው ወይ? አዲስ አበባ ሰው ሁሉ አደባባይ ወጣ፣ ሚኒስትሮቹም ወረዱ እያሉ ከደሴ የመጡ ነጋዴዎች ቢያወሩ እማዬ ክፉኛ ተጨንቃለች። እኛ፣ እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። በሬዎቹ አልቀዋል፤ የቀረችን አንዲት ፍየል ናት። ገበያው ዳር በረሀብ የወደቀው ስደተኛ ብዛቱ ለጉድ ነው።

ስለ ሣጥኑ የጻፍከው ደርሶናል። የደረቀውን ምንጭ ውሃ ፍለጋ ስንቆፍር ያን ብረት የተጠፈረበትን አሮጌ የእንጨት ሣጥን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጭቃውን በእጄ ጠርጌ ያወጣሁትም እኔው። አባዬ ግን ለሰው ሲያወራ የክንፈ ሣጥን ነው የሚለው!

ብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ባንዴ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል፣ እኔ መጥቼ ለምሠራበት ቤተ መዘክር እስክወስደው እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ ፀሐይ አታሳዩት፣ የብረቱንም ዝገት በአሸዋ እንዳትፈትጉት ብለሃል። አባዬ ደግሜ እንዳነበው አዘዘኝ። ይኸው ጓዳ አጋድመን ጆንያ በውሃ እየነከርን እናለብሰዋለን።

ውሃውን የሚያመጣው ማን ይመስልሃል? ወንዝ ወርጄ እንስራ አዝዬ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ቀናሁ። ሰው በጣውንቱ ይቀናል፣ እኔ በእንጨት ቀናሁ! እኔን ሲያመኝ ተኚ ይለቅሻል የሚለው አባዬ እሱን እንደ አራስ ይንከባከበዋል። ባንተም ቀናሁ። እኔን ከሦስተኛ ክፍል አስቀርተው አንተን ሲያስቀጥሉ አልቅሼ ቤት ቀረሁ። ብማር ኖሮ እንጨትና ብረት ማዳኑ እኔን ያቅተኝ ነበር? በል እስቲ ንገረኝ።

አሁን ያናደደኝን ስማ። እማዬ እግሯ አብጦ ከመደብ አትነሣም። ባለፈው እሑድ የምትጠጣውን በቅል ሰጥቻት ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ተንፏቅቃ ጓዳ ገብታ ውሃዋን ጆንያው ላይ ታፈሳለች። ከንፈርሽ ደርቆ እንጨት ታጠጫለሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት። እሷ እቴ! ይሄ ከተሰነጠቀ ልጄ ምን ብሎ ይመጣል አለችኝ።

ገላዋን የማጥባት፣ የማገላብጣት እኔ፤ ዓይኗ ግን በር በሩን ነው። ያንገበግበኛል፣ ምን ላድርግ። አንተ ስለ ሣጥኑ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ እሷ እማዬስ ደህና ናት ብለህ አለፍክ። እንዲያ አድርጌ አላነበብኩላትም። እናቴ ትናፍቀኛለች፣ በሕልሜ አያታለሁ ይላል ብዬ ከራሴ ጨመርኩ። ደግመሽ አንብቢልኝ ስትለኝ ደግሜ ጨመርኩ።

ክረምት ከገባ እኛ ጋ መኪና አይደርስም፤ ፈጥነህ ተነሥ። አባዬ ሰላም ብሎሃል፣ ለሣጥኑ አታስብ ይልሃል። ልጄ ሐረግ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነዝንዛኛለች። ጎረቤታችን እትዬ ኑርጃን አብሽር፣ አይዞህ በይው፣ በዱአዬ አልረሳውም ብላለች። እማዬ ግን ሰላምታ አልልክም፣ ሲመጣ ጉንጩን ስሜ እሰጠዋለሁ አለች።

ሣጥኑ አልተሰነጠቀም። ለእሱ ብለህም ቢሆን ና። እኔ፣ ላንቺ ብሎ መጣ እላታለሁ።

እኅትህ ንግሥቴ አድማሴ
መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.