ስፒከርሽን ለቲቶ ወስጃለሁ

ላሊሴ፣

ከፋብሪካ እስክትመለሺ መጠበቅ ስላልቻልኩ ስፒከርሽን ሳላስፈቅድሽ ወስጃለሁ።

ወንድሜ ቲቶ ቡራዩ ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወድቋል። አሁን ደወሉልኝ። ይተነፍሳል፣ ግን አልነቃም። ነርሷ «የሚወደውን ነገር አሰሙት፣ ሊሰማ ይችላል» አለችኝ። ከዚያ ፊልም ዘፈኖች ሌላ ምን ላሰማው?

አዎ፣ ትናንት የሳቅሽበት ካርቱን። ልዕልቲቱ ፊልሙን ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ ሰው ትጠብቃለች፣ እኛን የሚመስለው ደግሞ ሌባው ብቻ ነው ያልሽው ልክ ነው። እኔም ካደግኩ በኋላ ገብቶኛል። ግን ሶዶ እያለን፣ እማዬ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ እኔና ቲቶ ጎረቤት ቤት በየቀኑ እሱን እናይ ነበር። እንግሊዝኛውን ስለማናውቅ ቃሉን ከራሳችን እየፈጠርን እንዘፍን ነበር። እማዬ እስክትመለስ ያቆየን እሱ ነው። ይህን ትናንት ልነግርሽ ስችል በሩን ድርግም አድርጌብሽ ወጣሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ። ዛሬ ውሃ ይመጣል፣ ጀሪካኖቹን ሙዪ። ለእትዬ ያለምወርቅ አልነገርኳቸውም፣ ኪራይ ሊጠይቁ ከመጡ አንቺ ንገሪያቸው።

እየተጣደፍኩ ስለሆነ ጽሑፉ ካልተነበበልሽ ይቅርታ። ዘፈኑን ከፍቼለት ፊቱ ምንም ካላለ ምን እንደምሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ላሊ።

የሆስፒታሉን ስም ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ስትገቢ ደውዪልኝ። ካላነሳሁ ደጋግመሽ አትደውዪ።

ነይ።

ኤልሳቤት