ከጎን የማይነሳ እጅ

ጥር 3
ዛሬም እንደ ወትሮው። ሁለት ድመት፣ አንድ ወፍራም ውሻ ለኦፕራሲዮን። እኔ እዚያችው የእንስሳት ክሊኒካችን መስኮት አልባ ክፍል፣ በርጩማዬ ላይ፣ እጄ በተኛው እንስሳ ጎን ላይ፣ ትንፋሹን እየተከታተለ። በጭምብል የሚስቡት ማደንዘዣ ጋዝ ሲበዛ የመተንፈሻ ጡንቻቸውንም ያደነዝዛል። «እትዬ፣ እስኪነቃ እጅዎ እንዳይነሳ» ይላል ዶክተሩ። ሥራዬን እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ልጄ ልትወልድ ነው! አያት ልሆን... እኔ! ፈቃድ ብጠይቀው፣ «ማን ይተካዎታል?»
እውነትም ማን?

ጥር 6
ጥድፊያ የምንላትን ጸሐፊያችንን ከተኛው ውሻ አጠገብ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። እሷ ከቻለች መሄዴ ነው። ዶክተሩ ሥራው ላይ እንዳጎነበሰ «እንዴት ነው?» አላት።
«ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰላም ነው!»
ዞር ብዬ ባይ... ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የጎኑ ጡንቻ ዝሎ፣ ከሳንባው ሥር ያለው ጡንቻ ብቻውን ይታገላል። ጮህኩ። ዶክተሩ ጋዙን ቀነሰ፣ የመተንፈሻ ፊኛውን እየጨመቀ አየር ሰጠው። ውሻው ተረፈ። ፈቃዴ ሞተ።

ጥር 7
ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»
«ዛሬ ነገ።» ምን ልበላት? ውሻ አስሮኛል?

ጥር 10
ጥድፊያን ላስተምራት ጠረጴዛው ላይ ራሴ ተጋደምኩላት። አንድ እጇን ጎኔ ላይ፣ አንዱን ሆዴ ላይ። «ሁለቱ አብረው ካልተነሱ ተናገሪ። ገባሽ?»
«እትዬ፣ ሆድሽማ ብቻውን አንድ ሰፈር ነው!»
በሳቅ ሞትን። ዶክተሩ በሩን ከፈተ... «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምናደነዝዘው?»

ጥር 13
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል። ልጄ ናት፣ ምጧ መጥቷል... በምን አወቅኩ? አወቅኩ። እጄ አንዲት አሮጊት ውሻ ላይ ነው። ይጮሃል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጮሃል። ጥድፊያ ገባች። ሳትጣደፍ (እሷ!) እጆቿን ከእጄ ሥር አሾለከች። ጥቂት ቆይታ፣ «ዶክተር፣ ደረቷ መነሳት አቆመ፣ ሆዷ ብቻ ነው!»
ቀድማኝ አየችው። ዶክተሩ ጋዙን ቀንሶ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ምን ይጠብቃሉ፣ እትዬ? ይሂዱ እንጂ!»
ጋዋኔን እንደለበስኩ ወጣሁ።

ጥር 15
ሴት ናት። ድምጿ! ጎረቤቱን ሁሉ ታነቃለች። ጥድፊያ ደወለች። አሮጊቷ ውሻ ቤቷ ገብታለች፣ ዛሬም ሁለት ድመቶች በሰላም ነቅተዋል። «ወር ሙሉ ቆዪ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ።
ቅር አለኝ እንዴ?... ትንሽ።
ለካ ያለ እኔም ይተነፍሳሉ።