በደረቴ ልክ የተለካው ዛፍ

ለምወድሽ እትዬ፣

እጅግ ከባድ ዜና ስለምነግርሽ ከቆምሽ ተቀመጪ፣ ከተቀመጥሽም ግድግዳውን ደገፍ በዪ። የቤታችን የበኩር ወንድ ልጅ ክብር በሰው አገር ወድቋል። አታልቅሺ፣ የሞተ የለም፤ ክብሩም የእኔው ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለው? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ማመስ ተወ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከቅናት በቀር ደህና ነኝ።

አዎ፣ ቅናት። እማዬ ለጎረቤት የምታወራው ስለ ታናሻችን ብቻ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ አይደለሽ? እዚህ ፓርክ ቀድሜ የገባሁት እኔ፣ እሱን ያስቀጠርኩት እኔ! እሱ ግን በሦስት ወሩ «ቀጭኔ» ተብሎ የሁሉ ወዳጅ ሆነ። እኔን ያው «ጉቶ» ይሉኛል።

ሥራችን ጫካውን በእግር እየዞርን ግዙፎቹን ዛፎች መለካት ነው። ዛፍ ስልሽ ደጃችን ያለውን እንዳታስቢ። አንዱን ለመዞር ሠላሳ እርምጃ ይፈጃል፤ ጫፉን አያለሁ ስል ኮፍያዬ ይወድቃል። ዘንድሮ ከሁሉ የወፈረውን ላገኘ ሰው አለቃችን ዛፉን በስሙ ካርታ ላይ ሊጽፍለት ቃል ገባ። እኔ አንድ ጉድ የሆነ አገኘሁ። ካርታውን ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ልልክ ስቋምጥ፣ ቀጭኔ ሆዬ ከወንዙ ማዶ ሌላ አገኘ!

ዛፍ የሚለካው በለኪው ደረት ከፍታ ስለሆነ አለቃችን «ሁለቱንም አንድ ሰው ይለካ» አለ። «እኔ!» ብዬ ዘለልኩ። ዛፍ ወደ ሥሩ ሲወርድ ይወፍራል አይደል? የራሴን ስለካ ጉልበቴን ሸብረክ አደረግሁ፤ የእሱን ስለካ ሥሩ ላይ ወጥቼ ተንጠራራሁ። ቀጭኔ ሜትሩን ይዞ ከግንዱ ጀርባ ነው። «ዝቅ!» ስለው ዝቅ፣ «ከፍ!» ስለው ከፍ ያደርጋል እንጂ እኔን አያየኝም። አለቃችንም አቀርቅሮ ይጽፋል። አሸነፍኩ!

ስንመለስ ቀጭኔ «እንኳን ያንተ ሆነ፤ እዚህ የደረስኩት ባንተ ነው» ብሎኝ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። አየሽልኝ ተንኮሉን? ተሸንፎም ይበልጠኛል! እያፏጨ ከፊቴ ሲሄድ ቅናቴ ጭራሽ ባሰበት። ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። በአራተኛው ሄጄ ለአለቃችን ተናዘዝኩ። እስኪያስለው ስቆ፣ ከፍታው ምልክት በተደረገበት ዱላ እንደገና አስለካን። የቀጭኔ በለጠ። ቀጭኔም «ለዚህ ነው ያን ቀን ጉልበትህ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ የነበረው?» ብሎ ቦርሳውን አሸከመኝ። እስከ ማደሪያችን አላወረድኩትም።

«የቀጭኔ ዛፍ» ካርታው ላይ ሰፍሯል፤ ፎቶም ልከናል። ከሥሩ የቆምኩት አጭሩ እኔ ነኝ። እማዬ ለጎረቤት ስታሳይ በአውራ ጣቷ እንዳትሸፍነኝ አደራ።

እማዬን ጉልበቷን፣ አባዬን ትከሻውን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ቁማር ሲጫወት ማጭበርበሩን እንዳልረሳሁ ንገሪው። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፤ ካለቀሰች አጎትሽ ነው በያት።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፤ የሁለቱ ዛፎች ልዩነት አራት ጣት ብቻ ነው።

ወንድምሽ ጉቶ
ከዛፎቹ ሥር፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ጥቅምት 14 ቀን